አደራ የተሰጡ ችካሎች

ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለኤልሳዕ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ማክዳስ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ማለት እንኳ ያንሰዋል፤ ደስታዬን የማስቀምጥበት አጥቼ፣ ሱቄን በጠራራ ፀሐይ ዘግቼ ነው የምጽፍልህ።

ስልክ ለምን አታነሺም ላልከኝ፣ ስልኬ አልጠፋም፤ የጠፋው ኔትወርኩ ነው። ከቤሌ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ሆነን ሳለ «ሃሎ» ለማለት ዳገት መውጣት አለብን። ደግሞስ የልኬቱ ቅጽ በወረቀት ካልመጣ አልቀበልም ያልከው አንተው አይደለህ? ሾፌሩ ባሮክ በሃይሩፍ ሚኒባሱ ሶዶ እስከተመላለሰ ድረስ ደብዳቤ ምን አለው? በስልክ ያወራነው ይበተናል፤ ይሄ ግን ይቀመጣል።

አሁን ለጠየቅኸኝ ሁሉ አንድ በአንድ ልመልስ። አዎ፣ በገዛ እጄ ነው የለካሁት። አዎ፣ ሜትሩን ወጥሬ ነው። አዎ፣ ስድስቱንም ጥንድ። አንደኛው ጥንድ ጥቅምት ላይ 84 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ አሁንም 84 ነው። ሁለተኛው 91 ከ4 ሚሊ ነበር፤ ያው ነው። የቀሩትም እንደዚያው። አንተ በተራራው ስንጥቅ ግራና ቀኝ የተከልካቸው የፌሮ ችካሎች ንቅንቅ አላሉም! አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ያልመጣላት ሴትዮ፣ ሃያ ዓመት ሳሙናና ደብተር ስትሸጥ የኖረች፣ ዛሬ ሚሊ ሜትር ትቆጥራለች። አባታችን ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?

የታች ሰፈር ሃያ ሦስቱ አባወራዎች እስካሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሸራ ሥር ናቸው። ባለፈው ክረምት ተራራው ወገቡ ላይ ሲሰነጠቅ እንደወጡ አልተመለሱም። ጓደኛዬ ጥሩዬ በየቀኑ ሱቄ ትመጣና «ለኪዋ፣ ቤቴ መቼ ልግባ?» ትለኛለች። «ወንድሜ እስከ ሚያዝያ ይጠና ብሏል» እላታለሁ። «ወንድምሽ ተራራ ሲያጠና እኔ ጉንፋን አጠናሁ» አለችኝ። አፏን ታውቀዋለህ።

አቶ ሶርሳ ችካሎቹን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቋቸው። ስንጥቁ በጎደሬ ማሳቸው መሃል ማለፉን ታውቃለህ። ችካሉን የተከልክ ቀን እጃቸውን ይዘህ «አባቴ፣ እነዚህ ከተንቀሳቀሱ ለታች ሰፈር ሰው አደጋ ነው፤ አደራ» ያልካቸውን አልረሱም። በእሾህ አጥረውታል፤ ከብት አይጠጋውም። እኔ ስደርስ ብድግ ብለው «ነይ መሐንዲሷ፣ እንደተውሽው ነው ያለው» ይሉኛል።

ቅጹን አብሬ ልኬያለሁ። ዳጣ በርበሬም በብልቃጥ አለ፤ ባሮክ ከቀመሰው ንገረኝ።

እህትህ አሳየሽ

ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሶዶ

እታለም፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? የኅዳሩም የታኅሣሡም ቅጽ ደርሶኛል። ዳጣውም ደርሷል፤ ግማሹ።

ሥራሽ ከጠበቅሁት በላይ ነው። የመጀመሪያውን ውጤት ለዩኒቨርሲቲው መምህራን አቅርቤ አጨበጨቡልኝ። የምስጋናው ገጽ ላይ «ልኬቱን የወሰዱት ወይዘሮ አሳየሽ» የሚል አለ፤ አብሬ ልኬልሻለሁ። ፊርማሽን አኑሪበትና አንዱን መልሺልኝ፤ ሌላው ያንቺ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። አንድ ባልደረባዬ ቁጥሮቹን አገላብጦ አይቶ «አፈር እንዲህ ጨዋ አይደለም፤ ፀሐይና ጤዛ እንኳ ትንሽ ያነቃንቀዋል» አለኝ። እኔ መልካም ዜና ስለሆነ ነው የሚገርምህ አልኩት። ቢሆንም ስትወጪ የችካሎቹን ሥር ተመልከቺ። የተነካ የሚመስል አፈር ካየሽ ጻፊልኝ። ምንም ከሌለ ሪፖርቱን በመጋቢት ለወረዳው ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ፤ ሰዎቹም ለፋሲካ ቤታቸው ይገባሉ።

ወንድምሽ ኤልሳዕ

የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፤

ስሜ! በኮምፒውተር፣ በወፍራም ወረቀት፣ «ወይዘሮ» ተብሎ! ገጹን ሱቄ ውስጥ ከስኳሩ በላይ ሰቀልኩት። አላስችል ብሎኝ ቤሌ ወርጄ ሃያ ሦስት ኮፒ አስነሳሁና፣ ከነፊርማዬ፣ ለታች ሰፈር ሰው በሙሉ አደልኩ። ከላይ «ተራራው የመንቀሳቀስ ምልክት አላሳየም» የሚለው ስላለበት ሰው እንደ ስዕለት ነው የተቀበለኝ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እኩል መረቁህ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሳልጠይቅህ ነው ያደልኩት፤ ደስታ ፈቃድ አይጠይቅም።

የችካሎቹን ሥር ላልከው፣ አፈሩ አፈር ነው። ቁጥሩ ያው ነው። ቅጹን ተመልከት።

ሌላ ወሬ ምን አለ? ከታች ሰፈር በላይ ያለችው ምንጭ ሰሞኑን ሻይ በወተት መስላለች። በጋ ነው፣ ዝናብ የለ፣ ከየት እንደደፈረሰች እንጃ። ሴቶቹ አጥልለው ይጠቀማሉ። ጥሩዬ ደግሞ ቤቷን ልጥረግ ብላ ወርዳ በሯ አልዘጋ አላት። አናጢውን ጠርታ ሰደበችው። «እኔ ስሠራው ይዘጋ ነበር፤ ቤቱ ነው የጎበጠው» አላት፤ «ጎባጣስ አንተ!» አለችው፤ ስንስቅ ዋልን። ቅጹ ላይ የምንጭና የበር መጻፊያ ቦታ ስለሌለ አልሞላሁትም።

አቶ ሶርሳ ሰላም ብለውሃል። «ዶክተሩን፣ አደራው በእጄ ነው በዪው» ብለዋል። ገና ዶክተር አልሆነም ብላቸው አይሰሙኝም።

አሳየሽ

ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ኤልሳዕ፤

እንኳን አደረሰህ! ዘገየሁብህ፣ ይቅርታ፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ እንጂ ወረቀት አጥቼ አይደለም።

እንዴት ገቡ ላልከኝ፣ እንደ ሠርግ ነው የገቡት! ሪፖርትህ ጸድቆ ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤው እንደመጣ፣ ከሰሞነ ሕማማት በፊት ሸራው ወረደ። ፍራሽ ተሸከሙ፣ በር ተሸከሙ፣ አንዱ ድመቱን በከረጢት። ለፋሲካ ሃያ ሦስቱም ቤት ጢስ ወጣ። ሁለት በሬ በቅርጫ ታረደ፤ ጴንጤዎቹም ድርሻቸውን ገቡ። ጥሩዬ ያንን ኮፒ በካርቶን ለብጣ ከመስኮቷ በላይ ሰቅላዋለች፤ ከሥሩ የሞተው ባሏ ፎቶ አለ። «ባሌን ዝቅ አድርጌ አንቺን ከፍ አደረግሁ» አለችኝ።

እንሰታቸውን ተክለዋል። አራት ቀን ጥሩ ዝናብ ዘንቦ ነበር። ስለ ራሴ ጤና ለጠየቅኸኝ፣ እንቅልፍ ትንሽ እምቢ ብሎኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ገጹ አለቀ። አቶ ሶርሳ በበዓሉ ማግስት አንድ ነገር አጫውተውኝ ነበር። ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

አሳየሽ

ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሶዶ

እታለም፤

ስለ ድመት አንድ መስመር ጽፈሽ፣ አቶ ሶርሳ ያሉትን ከገጹ ጫፍ አስቀርተሽዋል። ከልጅነቴ አውቅሻለሁ፤ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ የምታደርጊው ስትፈሪ ነው። ምን አሉሽ?

ኤልሳዕ

ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፤

ተቆጥተሃል፣ ልክ ነህ። ሰላምታውን አሳጥሬ ልንገርህ።

በበዓሉ ማግስት አቶ ሶርሳ ሥጋ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። በሌላው እጃቸው ስድስት ሸምበቆ አለ። «እንግዲህ ሰው ሁሉ ቤቱ ገባ፤ እኔም አደራዬን ተወጣሁ፤ እነዚህን ለወንድምሽ መልሺለት» አሉኝ። አንዱ ሸምበቆ ላይ አንድ ጭረት አለ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ ስድስት። ምንድን ነው ብላቸው «ልኩ ነዋ!» አሉኝ። ሜትሬን ዘረጋሁ። ባለ አንድ ጭረቱ 84 ሳንቲ ሜትር።

ገባህ? አንተ ተክለህ በሄድክ ማግስት በችካልና በችካል መካከል ያለውን በሸምበቆ ልክ ቆርጠው ወስደዋል። ከዚያ በየወሩ እኔ ከመድረሴ በፊት ይወጣሉ። ችካሉ ከሸምበቆው ከራቀ ነቅለው ወደ ልኩ አስጠግተው ይተክሉታል።

«ለምን አባቴ?» አልኳቸው።

እሳቸው በኔ ተገረሙ። «የተናጋ የድንበር ችካል አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ማን ነው? በኛ አገር ያየ ያቆመዋል፤ ልኩን የሚያውቅ ደግሞ ልኩ ላይ ያቆመዋል። ወንድምሽስ ምን አለኝ? ከተንቀሳቀሱ አደጋ ነው አለኝ። እንዳይንቀሳቀሱ ጠበቅኋቸው! ሰባት ወር ሙሉ!»

በኩራት ነው የሚነግሩኝ ኤልሳዕ። ሽማግሌው ሽልማት የሚጠብቁ ይመስላሉ። በየወሩ ስንት ይርቅ ነበር ስላቸው አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። ከሚያዝያው ዝናብ በኋላስ አልኳቸው። አራት ጣታቸውን ገጥመው አሳዩኝ።

አሁን የከፋውን ልንገርህ። በጥር «የችካሉን ሥር ተመልከቺ» ስትለኝ ተመልክቻለሁ። አፈሩ አዲስ ነበር፣ በተረከዝ የተጠቀጠቀ። አጠገቡ የድሮው ችካል ቀዳዳ በቅጠል ተደፍኖ ነበር። አቶ ሶርሳ እዚያው ቆመዋል። ብጠይቃቸው ይነግሩኛል፤ ስለዚህ አልጠየቅኋቸውም። ሜትሬን ዘርግቼ ያንኑ ቁጥር ጻፍኩ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም ለማለት እችላለሁ፤ የለካሁት እሱኑ ነው። ግን ያወቅሁትን አልጻፍኩም። ስሜ መጥቶልኝ ነበር ወንድሜ። አንድ ጊዜ እንኳ ውጤት የመጣላት ሰው ሆኜ ነበር።

ትናንት ብቻዬን ወጣሁ። ጥቅምት ላይ እጄ ስንጥቁ ውስጥ እስከ አንጓዬ ነበር የሚገባው፤ ታስታውሳለህ፣ ስቀህብኛል። አሁን እስከ ክርኔ ገብቶ፣ ከታች ቀዝቃዛ ነፋስ ጣቴን ይነካኛል።

ለጽሕፈት ቤቱ ጻፍላቸው። ጥፋቱን በኔ አድርገው። ብቻ ቶሎ ጻፍ።

አሳየሽ

ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሶዶ

እታለም፤

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልተቆጣሁም፤ አዝኛለሁ፣ በራሴም ጭምር። አቶ ሶርሳን ምንም አትበያቸው።

ግን በእርጋታ እናስብ። ሪፖርቱ ጸድቋል። የዶክትሬት ማዕረጌ ፈተና ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው፤ ስድስት ዓመት የደከምኩበት። አሁን ተነስቼ ተራራው እየሄደ ነው ብል በምን አስረጃለሁ? በሸምበቆ? በክርንሽ? እየሄደ መሆኑን በእርግጠኝነት አላውቅም፤ የማላውቀውን መጻፍ ደግሞ ሳይንስ አይደለም።

በባሮክ አዲስ ችካሎች ልኬያለሁ። ማንም እንዳይነካቸው አድርገሽ ትከዪ፣ ሁለት ወር ለኪ። ከዚያ ተረጋግጦ ይነገራል። እስከዚያ ድረስ ሰው አታስደንግጪ።

ኤልሳዕ

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

የማላውቀውን መጻፍ ሳይንስ አይደለም አልክ። መልካም። «አይንቀሳቀስም» ብለህ የጻፍክ ዕለትስ ታውቅ ነበር? ያኔ ያጎደልነውን ነው አሁን ጻፍ የምልህ፤ አላውቅም በላቸው። እኔ ትምህርት አልዘለቅሁም፣ ግን እንዲህ ይመስለኛል፤ ሰው የሚያውቀውን ቢያውቅም፣ የማያውቀውን ካልተናገረ ያወቀው ራሱ ይበላሻል። እንደዚያች ምንጭ።

ሁለት ወር ማለት ነሐሴ ነው ኤልሳዕ። እዚህ አገር ከነሐሴ በፊት ሐምሌ የሚባል ወር አለ።

ሰው አታስደንግጪ ስትለኝ አልሰማሁህም፣ ይቅርታ። ባለፈው እሑድ ታች ሰፈር ወርጄ በየቤቱ ዞርኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የሸምበቆውንም የኔንም። ምን እንዳሉኝ ልንገርህ? ጥሩዬ ቤት ስደርስ ቆጮ እየጋገረች ነበር።

«አንቺ ደግሞ!» አለችኝ፤ «ሸራ ሥር ሆነን ሳለ ወይዘሮ ለኪ ነበርሽ፤ ቤታችን ስንገባ ከበሬታው ቀረብሽና ከፋሽ?»

«ጥሩዬ፣ ስንጥቁ እስከ ክርኔ ደርሷል።»

«ክርንሽ ቀጥኖ ይሆናላ!» ብላ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ወረቀት አወረደችው። «ይሄ የማን ስም ነው? አንብቢው።»

«የኔ።»

«ፊርማውስ?»

«የኔ።»

«ጨርሰናል። እጅሽን ታጠቢና ብዪ።»

ሃያ ሦስት ቤት፣ ሃያ ሦስት ወረቀት። እኔው በደስታ ያደልኩት ነው የመለሰኝ። አፌን በፊርማዬ ዘጉት። አቶ ሶርሳ ተከትለውኝ ዞረው ነበር፤ እሳቸውንማ «አርጅተዋል» አሏቸው። ነገሩ ከገባቸው ጀምሮ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል፤ ዝናብ ሲመታቸው እንኳ አይለብሱትም።

ወረቀትን የሚሽር ወረቀት ነው። ማህተም ያለበት፣ ያንተ ስም ያለበት። የዚህን ወር ቅጽ ልኬያለሁ። በስድስቱም ቦታ «አላውቅም» ብዬ ሞልቼዋለሁ። ከጥቅምት ወዲህ የሞላሁት ትክክለኛ ቅጽ እሱ ብቻ ነው።

አሳየሽ

ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤልሳዕ፤

«ከፈተናው በኋላ መጥቼ እንነጋገራለን» የምትለው ደብዳቤህ ደረሰችኝ። ሁለት መስመር ናት። ገንዘብ አጥሮሽ እንደሆነ ብለህ መጠየቅህን እንደ ቀልድ ወስጄዋለሁ።

ስምንት ቀን ሆነው፣ ዝናቡ አላባራም። የቤሌው የስልክ ማማም መብራት ከሄደ ወዲህ ሞቷል፤ ዳገት ብወጣም «ሃሎ» የለም። ምንጯ ትናንት ቆመች። ደፍርሳ አይደለም፣ ጭራሽ ደረቀች፤ በዚህ ሁሉ ዝናብ መሃል። ሴቶቹ «ተገላገልን፣ የጣሪያ ውኃ እንቀዳለን» አሉ። አቶ ሶርሳ ግን ውኃው የት ሄደ ብለው ጠየቁኝ። እኔም አላውቅም፤ ወደ ውስጥ ካልሆነ።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ አትቆጣኝ። ሱቄን ቆልፌ፣ ፍራሼን ተሸክሜ፣ ዛሬ ጠዋት ጥሩዬ ቤት ገባሁ። ከመስኮቱ ሥር፣ ከስሜ ሥር ነው ያነጠፍኩት። ጥሩዬ ደስ ብሏታል፤ «ይኸው፣ እሷም ወረቀቱን አምና መጣች» እያለች ለሰፈሩ ታወራለች። ሳቋ ይሰማሃል? እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ እንደዚህ ስንስቅ ልጅነታችን ትዝ አለኝ።

ወረቀትህ እውነት ከሆነ እህትህ በሰላም ከርማ ለምረቃህ ዳጣ ይዛ ትመጣለች። እውነት መሆኑን የማታውቅ ከሆነ ደግሞ የት እንዳለሁ አሁን አውቀሃል። ሰዎቹ ሳይወጡ አልወጣም። ባሮክ ይህን ሲሰጥህ አድራሻዬን «ታች ሰፈር» ብለህ ጻፍ።

ሸምበቆዎቹን ልኬልሃለሁ። አደራ ናቸው፤ አቶ ሶርሳ መልሺለት ብለውኛል።

እህትህ አሳየሽ

ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቤሌ

እታለም፤

ውጪ። ይህን እንዳነበብሽ ፍራሹን ትተሽ ውጪ፣ ሁሉንም ይዘሽ።

ሸምበቆዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ አንድ ሌሊት ተቀመጥኩ። ጠዋት ጻፍኩ። ለጽሕፈት ቤቱም፣ ለመምህራኑም፣ አንድ ዓይነት ነው፤ ማህተም አለው፣ ስሜ አለው። ለጥሩዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፦ «ተራራው መቆሙን አላውቅም። አውቃለሁ ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነው። የታች ሰፈር ነዋሪዎች ዛሬውኑ ይውጡ።» ሃያ ሦስት ኮፒ አድርጌዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ።

ባሮክ ከቤሌ ወዲያ አላልፍም አለ፤ ወንዙ መንገዱን ይዞታል። እኔ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች አብረውኝ እስኪነሱ እየጠበቅሁ ነው። አብሮኝ የመጣው ባልደረባዬ መምህር ዘሩባቤል ግን በእግሩ ልቅደም ብሎ ጫማውን እያወለቀ ስለሆነ፣ ይህን እንዲያደርስልሽ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ጭጋጉ ተራራውን ስለሸፈነው ከዚህ ምንም አይታይም። ገበያው መሃል ግን ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ወደዚያው ዞሮ ቆሟል። ምን እንደሚያዩ ጠየቅኋቸው። «ድምፅ ሰምተን ነው» አሉኝ። የምን ድምፅ ነው ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ፤ ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት፣ እኔ ሰባት ወር ሙሉ ማለት ያቃተኝን፣ ሳታፍር ነገረችኝ።

«አናውቅም ልጄ» አለችኝ።

ኤልሳዕ